አስታማሚው ምን ይጠይቅ?

እኛ ጋ ለቅሶ ቤት የሟች የሕመም ታሪክ በሦስት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። «ሆዷን አሟት ነበር። ሐኪም ቤት ገባች። ምን ይደረግ፣ ቀኗ ደርሶ ነው።» ከዚያ ንፍሮው ይዞራል፣ ወሬው ወደ ጤፍ ዋጋ ይሻገራል። ሐኪሙ ምን አለ? ምን መድኃኒት ተሰጣት? ማታ ሲብስባት ማን መጥቶ አያት? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከተገኘ ነገረኛ ይባላል። አለዚያም የቤተሰቡን ቁስል የሚነካካ ጨካኝ ነው።

ነገሩ ሌላም መልክ አለው። ነርስ ጓደኛ አለችኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ነው የምትሠራው። እሷ የምትፈራው ዝም የሚለውን ቤተሰብ አይደለም። በር ገንጥሎ የሚገባውን፣ ተረኛውን አንገቱን የሚያንቀውን፣ ስልኩን አውጥቶ «ገዳዮች!» እያለ ለቲክቶክ የሚቀርጸውን ነው።

እኔ ሁለቱን ለይቼ አላያቸውም። ቀኗ ነው ብሎ የሚተወውም፣ በቡጢ የሚመጣውም አንድ ነገር ጎድሎባቸዋል። ቁጭ ብሎ ምን እንደተፈጠረ የነገራቸው ሰው የለም። የሕክምና ስህተትና የታካሚ መብት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ፍርድ ቤትና ካሳ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። ማስረዳትና መጻፍ። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ ፍርድ ቤቱም ባዶ እጁን ነው የሚቀመጠው።

አክስቴ የዘጌ ሰው ናቸው። ሐሞታቸው ውስጥ ጠጠር ተገኘና ባሕር ዳር መጥተው ኦፕራሲዮን ሆኑ። የሐኪም ቤቱን ስም አልጠራም። የዘጌ ሰው ሲታመም በጀልባ የሚሻገረው ብቻውን አይደለም። አንዱ የቡና ፔርሙስ፣ አንዱ ጋቢ፣ አንዷ የእንጀራ አገልግል ይዛ ቤተሰቡ ሁሉ ይከተላል። ሌሊት ኮሪደሩ ላይ ካርቶን አንጥፎ የሚያድረውም ይኸው ሰው ነው። መድኃኒት የሚገዛው፣ ደም የሚሰጠው፣ አልጋ የሚገፋው፣ የላብራቶሪ ውጤት ይዞ ከሕንፃ ሕንፃ የሚሮጠው አስታማሚ ነው። የሐኪም ቤቱን ግማሽ ሥራ የሚሠራው እሱ ሆኖ ሳለ ስለ በሽተኛው ምንም የማያውቀውም እሱ ነው።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት አንዲት ሲስተር ወረቀት ይዛ መጣች።

«የሚፈርም ማነው?»

የአክስቴ ባል ተነሡ። «ምንድን ነው የኔ ልጅ?»

«ለኦፕራሲዮኑ ነው ጋሼ። እዚህ ጋ።»

ጋሼ መጻፍ አይችሉም። ሲስተር አውራ ጣታቸውን በእስክሪብቶ ቀለም ቀባችና ወረቀቱ ላይ አስነካቻቸው። ጣታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ተቀመጡ። በቃ፣ አለቀ። ሆዳቸው የሚከፈተው አክስቴ ከመጋረጃው ጀርባ ዓይናቸውን ከፍተው ተኝተው ነበር። እሳቸውን የጠየቀ የለም።

ይህ በየዕለቱ የሚሆን ነገር ስለሆነ ማንንም አያስደነግጥም። ሕጉ ግን ሌላ ነው የሚለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው ምርመራም ሆነ ሕክምና አልፈልግም የማለት መብት እንዳለው ይናገራል። አልፈልግም ማለት የሚችል ሰው እፈልጋለሁ ማለትም ያለበት ራሱ ነው። ሕፃን ካልሆነ፣ ራሱን ካልሳተ ባል ለሚስት፣ ልጅ ለእናት አይፈርምም። ኋላ የወጡት የጤና ሕጎችም፣ ለምሳሌ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299፣ ባለሙያው ስለ ሕክምናው አስረድቶ ፈቃድ እንዲቀበል ያስገድዳሉ። ፊርማው የማስረዳቱ ማረጋገጫ ነው። ሳይነገረው የፈረመ ሰው የፈረመው ወረቀቱን እንጂ ሕክምናውን አይደለም። ደግሞም ብዙ ሰው እንደሚያስበው «ፈርሜያለሁና ከዚህ በኋላ አፌ ተዘግቷል» የሚባል ነገር የለም። ፈቃድ መስጠት ለአደጋው ነው፤ ለቸልተኝነት ፈቃድ የሚሰጥ ፎርም የለም።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ትኩሳት መጣ። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፋ። ለተረኛ ተነገረ። «ጋዝ ነው፣ ትንሽ ይራመዱ» ተባለ። አራመድናቸው። ማታ ባሰባቸው፣ እንደገና ተነገረ፣ እንደገና ጋዝ ነው ተባለ። በመጨረሻ አንድ ሲኒየር ሐኪም መጥቶ ሆዳቸውን ጫን ሲያደርግ ፊቱ ተለወጠ። ወዲያው አልትራሳውንድ ታዘዘ፣ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ገቡ። የአክስቴ ልጅ ያን ጊዜ ነው አንዱን ኢንተርን በጋውኑ ኮሌታ የያዘው። ልጁ ገና ተማሪ ነው። አንድም ነገር አልወሰነም። ጥፋቱ በሰዓቱ እዚያ መቆሙ ብቻ ነበር።

አክስቴ ተረፉ። ሲወጡ የተሰጣቸውን ወረቀት ግን ከኛ ውስጥ አንብቦ የተረዳው የለም። ሰፈር ውስጥ ላለ ጤና መኮንን አሳየነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሐሞት ወደ ሆድ ፈሶ ነበር አለን። ከዚያ የተናገረው ነገር የአክስቴን ልጅ አናደደው። «ይሄ በጎበዝ ሐኪም እጅም ያጋጥማል።»

እውነቱን ነው። የሐሞት ከረጢት ሲወጣ የተቋጠረው ቱቦ ወይም አንድ ቀጭን መስመር ሊያፈስ ይችላል። የታወቀ፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሊነገር የሚገባው ችግር ነው። ስለዚህ ሐሞት መፍሰሱ ብቻውን ማንንም ጥፋተኛ አያደርግም። ሕጉም ከዚህ የተለየ አይልም። ሐኪሙ በጽሑፍ ካልገባ በቀር አድንሃለሁ የሚል ግዴታ የለበትም። የሚጠየቀው በጥፋት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2031 የሚለካው ባለሙያው የሙያውን ደንብና የታወቀውን የሳይንስ እውነት ተከትሏል ወይስ በግድየለሽነት ጥሶታል ብሎ ነው። ሰው ሞተ ወይም ተጎዳ ማለት ጥፋት ተፈጸመ ማለት አይደለም። በተቃራኒው ሰው ዳነ ማለት ጥፋት የለም ማለት አይደለም።

ታዲያ በአክስቴ ጉዳይ ትክክለኛው ጥያቄ የቱ ነበር? ለምን ፈሰሰ የሚለው አይደለም። ትኩሳቱና የሆዱ መነፋት ከታየ በኋላ ማን መጥቶ አያቸው? መቼ? ምን ብሎ ጻፈ? «ጋዝ ነው» ያለው ሰው ሆዳቸውን ነክቶ ነው ወይስ ከበር ላይ ቆሞ? የሕክምና ስህተት ክርክር ብዙ ጊዜ የሚወድቀውም የሚነሣውም እንዲህ ባሉ ትንንሽ ሰዓቶች ላይ ነው። በቢላዋው ላይ አይደለም።

ለሜዲካል ዳይሬክተሩ ማመልከቻ ጻፍን። ክስ የሚል ቃል የለውም። «የሆነውን አስረዱን» የሚል ነው። ተጠራን። ቀዶ ሐኪሙ ካርዱን ይዞ መጣ። በአንድ የተጻፈበት ወረቀት ጀርባ ላይ ጉበትና ከረጢቱን ሣለና የፈሰሰበትን ቦታ በነጥብ አሳየን። ካርዱን ገጽ በገጽ እያገላበጠ ማን በስንት ሰዓት እንዳያቸው አነበበልን። አንድ ሌሊት ላይ ሲደርስ ቆመ። ምንም የተጻፈ ነገር የለም። «እዚህ ጋ መጻፍ ነበረበት። አልተጻፈም» አለ ራሱ።

ጋሼ ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን አዩት። «ይሄው ነው እንዴ? ይሄን ያኔ ብትነግሩን ኖሮ ማን ይጣላችሁ ነበር?»

የአክስቴ ልጅ ግን አልረካም። ዛሬም እንክሰስ ይላል። አክስቴ ናቸው ያስቆሙት። «እናንተ እዚህ ስትከራከሩ ቡናዬ እየረገፈ ነው» ብለው ወደ ዘጌ ተሻገሩ።

አክስቴ ስለተረፉ ማስረዳቱ በቃን። ልጇን ለቀበረች እናት፣ ወይም ሥራ መሥራት ለማይችል ሰው ግን ሥዕልና ይቅርታ እራት አይሆንም። ለነሱ ወረቀት ያስፈልጋል።

የወረቀቱ ነገር እንዲህ ነው። ካርዱ የሚቀመጠው ሐኪም ቤቱ ነው። ሲወጡ የሚሰጠው ማጠቃለያ፣ ሪፈር ወረቀቱ፣ የላብራቶሪና የአልትራሳውንድ ውጤቱ፣ ደረሰኙ፣ የመድኃኒቱ ካርቶን ሳይቀር ግን የእናንተ ነው። አትጣሉት። ብዙ ቤት ውስጥ እነዚህ ወረቀቶች ወይ ቅመም ተጠቅልሎባቸዋል ወይ ሰነድ ተብለው ፍራሽ ሥር ረጥበዋል። አስታማሚው ትንሽ ደብተር ቢይዝና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመጣውን ሰው፣ የተባለውን ነገር ቢጽፍ፣ ከዓመት በኋላ የሚያወራው ነገር ከትዝታ ይሻላል። የካርዱን ቅጂ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በጽሑፍ ይጠይቅ። በቃል መጠየቅ እዚህ አገር ዋጋ የለውም። ማመልከቻችሁን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፣ ቅጂው ላይ ቁጥርና ማኅተም ይኑርበት። አሻፈረኝ ካሉ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኛው አዝዞ ያስቀርበዋል።

ለቀዶ ጥገና አንድ ነገር ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. 19 ነጥብ ያለው የቀዶ ጥገና ደኅንነት ቼክሊስት አውጥቷል። በሽተኛው ማነው፣ የትኛው ጎን ነው፣ አለርጂ አለው ወይ፣ ከመዝጋታችን በፊት ጎዙ (ደም የሚጠረግበት ጨርቅ) እና መሣሪያው ተቆጥሮ ሞልቷል ወይ የሚሉ ነገሮች ናቸው። ከማደንዘዣ በፊት፣ ከመቅደድ በፊት፣ በሽተኛው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ድምፅ ወጥቶ ይነበባል። ሆድ ውስጥ ጎዝ ተረሳ የሚባለው ታሪክ የሚፈጠረው ይህ ቆጠራ ሲዘለል ወይም ሲሳሳት ነው። አስታማሚ «ቼክሊስቱ ተሞልቷል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለውም። ሊያስቆጣ ይችላል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሞት ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። እኛ ሬሳ አናሳድርም። ጠዋት የሞተ ከሰዓት ይቀበራል። ሌሊት ከሞተ ዘመድ ከደቅ ወይም ከጎንደር እስኪደርስ ብቻ ነው የሚቆየው። ከቀብር በኋላ የሞቱን ምክንያት ማወቅ የፈለገ ሰው አስከሬን ማስወጣት ሊኖርበት ነው። ይህን የሚያስብ ቤተሰብ የለም፤ የንስሐ አባቱም አይሰሙትም። ስለዚህ ጥርጣሬ ያለው ሰው ከቀብር በፊት ለፖሊስ ተናግሮ የአስከሬን ምርመራ መጠየቅ አለበት። ሕጉ ሲነበብ ቀላል ነው። ድንኳኑ ተጥሎ፣ አልቃሹ ደረቱን እየመታ፣ «ቆይ፣ ሬሳው ይመርመር» የሚለው ማነው? እኔ ራሴ በዚያ ሰዓት ይህን ማለት እችላለሁ ብዬ አልምልም። ግን ብዙ የሕክምና ስህተት ጥርጣሬ ሳይጣራ የሚቀረው እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

የተናደደ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ቀጥ ብሎ ወደ ፖሊስ ነው የሚሄደው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። እንደ ሐኪም ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እሥራትና ከ3000 እስከ 6000 ብር መቀጮ ነው። መቀጮው ለመንግሥት ነው የሚገባው። ለእናትየው አምስት ሳንቲም አይደርሳትም። ሆን ብሎ ወይም በገንዘብ ምክንያት አስቸኳይ በሽተኛ ያባረረ ባለሙያ በወንጀል ቢጠየቅ እኔ ደስ ይለኛል፤ ሕጉም ይህን ለብቻው ያስቀጣል። ከሠላሳ ሰዓት በላይ ተረኛ ሆኖ የተሳሳተን ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም) ማሠር ግን ሌሎቹ ሐኪሞች ካርድ ላይ ከመጻፍ ይልቅ መደበቅ እንዲለምዱ ነው የሚያደርገው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አያኖረንም ብለው ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት በጥጋብ አልነበረም። ድካማቸው በሽተኛው አልጋ ድረስ ይመጣል።

ሌላው መንገድ የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው። በክልል ደረጃም አለ፤ አቤቱታው በጤና ቁጥጥር ክፍሉ በኩል ይቀርባል። ከሚቀርቡት አቤቱታዎች ብዙዎቹ ወሊድንና ቀዶ ጥገናን የሚመለከቱ ናቸው። ኮሚቴው ካሳ አይሰጥም። ማስጠንቀቅ፣ ፈቃድ ማገድ ወይም ማስነጠቅ ድረስ የሚሄድ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። ሰዉ «ሐኪም በሐኪም ላይ ይፈርዳል እንዴ?» ይላል፤ ጥርጣሬው አይገርመኝም። ቢሆንም ፍርድ ቤት የሙያ አስተያየት ሲፈልግ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ እነሱኑ ነው። ስለዚህ የኮሚቴው ወረቀት በእጃችሁ ካለ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ካሳ ያለው በፍትሐ ብሔር ክስ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ኢንተርኑን ወይም ነርሷን አሳዶ መያዝ አያስፈልግም። የጤና ተቋሙ ለሐኪሞቹና ለሠራተኞቹ ጥፋት በፍትሐ ብሔር ተጠያቂ ነው። የጠፋው ገቢ፣ የሕክምና ወጪ፣ ሟች ይጦራቸው ለነበሩ የትዳር ጓደኛ፣ ልጆችና ወላጆች ቀለብ ይጠየቃል። ጥፋቱን በማስረጃ ማረጋገጥ ግን የከሳሽ ፋንታ ነው። ደብተሩም ማኅተሙም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የሚያሳፍረው አንቀጽ 2116 ነው። ለሕሊና ጉዳት፣ ማለትም ለሐዘኑ ለራሱ፣ የሚሰጠው ካሳ ከ1000 ብር አይበልጥም። ሕጉ በወጣበት በ1952 ዓ.ም. 1000 ብር ከባድ ገንዘብ ነበር። ዛሬ የአስታማሚ ምሳ ለጥቂት ቀን ብትችል ነው። አንቀጹን ያረቀቁት ሰዎች የዛሬውን ብር አላዩትም። እኛ ግን እያየነው ዝም ብለናል።

ጊዜውም ይሮጣል። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። አርባ ይወጣል፣ ሰማንያ ይወጣል፣ ሙት ዓመት ተዝካር ይደገሳል። ሰው ከሐዘኑ ቀና ብሎ «ለመሆኑ ምን ሆና ነበር?» ሲል ግማሹ ጊዜ አልፏል። በግል ሐኪም ቤት ውል አለ የሚል ክርክር ይኖራል፣ የውል ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) 10 ዓመት ነው የሚልም ይመጣል። በዚያ ተማምናችሁ ግን አትተኙ። ክርክሩን ለጠበቃ ተዉለት፣ እናንተ 2 ዓመቱን ያዙ።

ጠበቃ በምን ብር ለሚል ሰው፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል ያልቻለም በደሃ ደንብ መክሰስ እንደሚችል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል። አንድ የማውቀው ጠበቃ እንደነገረኝ፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዞ ለመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን አከማችሁ ብሎ አይደለም። ጉዳቱ የደረሰው በየትኛው ቀን ነው ብሎ ነው። አብዛኛው ሰው «እንጃ፣ ለጥምቀት አካባቢ» ይለዋል።

«ከየትኛው ጥምቀት?» ይላል እሱ።